ለአንዱ እናት፣ ለሌላው የእንጀራ እናት የሆነ ኢንተርኔት

ቪዲዮ ከፈታችሁ። ያቺ ክብ ምልክት መሽከርከር ትጀምራለች። ትጠብቃላችሁ፣ አሁንም ትሽከረከራለች። ሰልችቷችሁ ሌላ መተግበሪያ ስትከፍቱ ግን ቪዲዮው ወዲያው ይመጣል። ስልኩ ያው ነው። የተቀመጣችሁበት ቦታ ያው ነው። የሞላችሁት ዳታም ያው ነው። እንዲህ ሲሆን አብዛኞቻችን የምንለው «ይሄ አፕ አይረባም» ነው። ከዚያ እናጠፋዋለን፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል።

እኔ ስለዚህች ቅጽበት ነው ማውራት የፈለግኩት። ምክንያቱም ጥፋቱ ሁልጊዜ የአፑ አይደለም። መሃል ላይ ሆኖ ዳታውን የሚያመላልሰው ድርጅት ለአንዱ መንገዱን ለቆለት ሌላውን ይዞት ሊሆን ይችላል። የተዘጋ ነገር መዘጋቱ ይታወቃል፤ ሰው ይጮኻል፣ ይጠይቃል። የተጎተተ ነገር ግን የተበላሸ ነው የሚመስለው። ተጠያቂ ሳይኖረው ይቀራል። በኔ እምነት የኢንተርኔት ፍትሕ ነገር ዋናው ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው፣ የሚወራው ግን በአብዛኛው ስለ መዘጋት ብቻ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት፣ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳታ እንዴት ይጓዛል?

ኢንተርኔት ላይ ምንም ነገር እንዳለ አይጓዝም። ፎቶ ስትልኩ ፎቶው ይቆራረጣል። እያንዳንዷ ቁራጭ ፓኬት ትባላለች፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ1,500 ባይት አትበልጥም። ስለዚህ 3 ሜጋባይት የሆነ አንድ ፎቶ ወደ 2,000 ቁራጭ ሆኖ ነው የሚሄደው። በእያንዳንዷ ላይ ከየት እንደተነሳችና ወዴት እንደምትሄድ ተጽፏል፣ ልክ እንደ ፖስታ። መንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች አድራሻውን አይተው ወደሚቀጥለው ያሳልፋሉ። ተቀባዩ ስልክ ቁራጮቹን ሰብስቦ መልሶ ይገጣጥማል። አንዷ ከጠፋች እንደገና ትላካለች።

በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ትልቅ ሐሳብ አለ። መሃል ያለው መስመር ሥራው ማድረስ ብቻ ይሁን፤ ብልሃቱ ጫፍና ጫፍ ላይ ባሉት ኮምፒውተሮች ይሁን የሚል ነው። በ1981 ጀሮም ሳልትዘር፣ ዴቪድ ሪድና ዴቪድ ክላርክ የተባሉ ሦስት የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ በጽሑፍ አቅርበውታል። ለእነሱ የምህንድስና ጉዳይ ነበር። ያስከተለው ነገር ግን ከምህንድስና ያለፈ ነው። መስመሩ ስለተሸከመው ነገር ካልጠየቀ፣ አዲስ ነገር የሚፈጥር ሰው የመስመሩን ባለቤት ማስፈቀድ የለበትም ማለት ነው። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ዛሬ ድረ ገጽ የምንላቸው ነገሮች ሁሉ የቆሙበትን ዌብን ሲያስብ፣ ደጅ የጠናው የስልክ ኩባንያ አልነበረም። በ1993 ደግሞ ይሠራበት የነበረው የምርምር ማዕከል ሰርን ቴክኖሎጂውን ለሁሉም በነፃ ለቀቀው። ያኔ መሃል ላይ የተቀመጠ አንድ ድርጅት «ይሄ አዲስ ነገር ገበያዬን ይነካል» ብሎ ቢይዘው ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ይህን ጥያቄ ሳስብ ነው የጉዳዩ ክብደት የሚሰማኝ።

በ2003 ቲም ዉ የተባለ አሜሪካዊ የሕግ መምህር ለዚህ ስም አወጣለት። የኔትወርክ ገለልተኝነት። በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። ዳታውን የሚያመላልሰው ድርጅት ሕጋዊ የሆነን ነገር አይዝጋ፣ እየመረጠ አይጎትት፣ ገንዘብ ተቀብሎም አንዱን ከሌላው አያስቀድም። ልብ በሉ፣ ገለልተኝነት ማለት ሁሉም ሰው እኩል ፍጥነት ያገኛል ማለት አይደለም። የበለጠ የከፈለ ሰው የበለጠ ፍጥነት ቢያገኝ ችግር የለውም። ጥያቄው፣ የገዛሁትን ፍጥነት ለምን እንደምጠቀምበት የሚወስነው ማነው የሚል ነው። እኔ ነኝ ወይስ አመላላሹ?

ኮምካስት ምን አድርጎ ነበር?

በ2007 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ላንሳ፣ ምክንያቱም ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ኮምካስት ከአገሪቱ ትልልቅ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዱ ነው። በጊዜው ቢትቶረንት የሚባለው የፋይል መጋሪያ ዘዴ በጣም ይዘወተር ነበር። ተጠቃሚዎች በቀጥታ እርስ በርሳቸው ነው የሚላላኩት፣ መሃል ላይ ፋይሉን ይዞ ለሁሉም የሚያድል ትልቅ ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨር፣ አያስፈልግም። አንድ የኔትወርክ ባለሙያ የድሮ ዘፈኖችን፣ የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸውን፣ በዚህ መንገድ ለማጋራት ሲሞክር እምቢ አለው። ፋይሉ መሄድ ይጀምራል፣ ከዚያ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ፕሮግራሙን ይረግምና ይተወው ነበር። እሱ ግን ፓኬቶቹን አንድ በአንድ መረመረ። ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል «ጨርሻለሁ፣ ግንኙነቱን ዝጋ» የምትል መልእክት ትመጣ ነበር። መልእክቷን ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አልላኳትም። መሃል ላይ ያለው ኮምካስት ነው በተጠቃሚው ስም አስመስሎ የሚልካት።

እስቲ አስቡት። ሁለት ሰዎች ስልክ እያወሩ ነው እንበል። ኦፕሬተሩ የአንደኛውን ድምፅ አስመስሎ «በል ቻው» ይልና መስመሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ሌላኛው ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ ብለው ይቀያየማሉ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የዜና ወኪሉ አሶሽየትድ ፕሬስ ነገሩን ራሱ ሞከረው። ለሙከራ የመረጠው ፋይል የመጽሐፍ ቅዱስ ቅጂ ነበር፣ የማንም የቅጂ መብት የማይነካ። እሱም ተደናቀፈ። ኮምካስት መጀመሪያ ላይ ምንም እየዘጋሁ አይደለም አለ። በኋላ ደግሞ መስመሩ እንዳይጨናነቅ አንዳንድ ነገሮችን አዘገያለሁ ብሎ ተከራከረ። በነሐሴ 2008 የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኤፍሲሲ ድርጊቱን እንዲያቆም አዘዘው። በሚያዝያ 2010 ደግሞ ፍርድ ቤት «ኮሚሽኑ ይህን የማዘዝ ሥልጣን የለውም» ብሎ ትእዛዙን ሻረው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚከነክነኝ ሕጉ አይደለም። ያ ሰው ባይመረምር ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፕሮግራሙን እየወቀሰ ይኖር ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2005፣ ማዲሰን ሪቨር የተባለ ትንሽ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ቮኔጅ የሚባለውን በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት ዘግቶት ተይዟል። 15,000 ዶላር ከፍሎና ዳግመኛ አልዘጋም ብሎ ተገላገለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው በኢንተርኔት በርካሽ ከደወለ የኩባንያው የራሱ የስልክ ገቢ ይቀንሳል። ይሄኛው ግን ዘጋ፤ ስለዘጋም ቶሎ ታወቀበት።

ምን እንደማይ በምን ያውቃሉ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የተመሰጠረ ነው፣ አድራሻው በhttps ይጀምራል። ታዲያ አመላላሹ ውስጡን በምን ያየዋል?

ውስጡን አያየውም። የጻፋችሁትን አያነብም፣ የትኛውን ቪዲዮ እንደከፈታችሁም በቀጥታ አያይም። ግን የፖስታው ውጪ ብዙ ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ የምትገቡበት ድረ ገጽ ስም ግንኙነቱ ሲጀመር በግልጽ ይታያል። መዳረሻው አድራሻም ይታያል። ይህ ባይኖር እንኳ የፓኬቶቹ መጠንና አመጣጥ ያጋልጣል። ቪዲዮ በየጥቂት ሰከንዱ ጎርፍ የሚለቅ ነው፤ የስልክ ጥሪ ደግሞ ትንንሽ ፓኬቶችን ሳያቋርጥ ያንጠባጥባል። በዚህ ብቻ ይሄ ቪዲዮ ነው፣ ይሄ ጥሪ ነው ብሎ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ቪፒኤን፣ ማለትም ዳታችሁን ሸፍኖ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት፣ ስትጠቀሙ አንዳንዴ ቪዲዮው የሚፈጥነው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ቪፒኤን በራሱ መንገዱን ያረዝማል፣ በደንቡ ማዘግየት ነበረበት። አዘግይቶ ሳይሆን አፍጥኖ ከተገኘ፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ እየመረጠ ነበር ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። መጠርጠር አልኩ እንጂ ማስረጃ አላልኩም፤ መንገዱ ስለተቀየረ ብቻም ሊፈጥን ይችላል።

ከዚህ የረቀቀም አለ። አመላላሹ ምንም ነገር ሳይነካ፣ ዝም ብሎ በማየት ብቻ መጎተት ይችላል። ኔትወርኮች የሚገናኙባቸው መጋጠሚያዎች አሉ። መጋጠሚያው ሲሞላ አቅሙ ይጨመራል፣ የተለመደው ይህ ነው። አልጨምርም ብሎ ቁጭ ማለትም ግን ይቻላል። በ2013 መጨረሻ ላይ የኮምካስት ደንበኞች ኔትፍሊክስን ሲያዩ ቪዲዮው ይንቀራፈፍባቸው ጀመር። ኔትፍሊክስ በየካቲት 2014 ለኮምካስት ቀጥታ ግንኙነት ከፍሎ ተስማማ። ፍጥነቱ ብዙም ሳይቆይ ተመነደገ። ማን ጥፋተኛ እንደነበር ሁለቱም ወገኖች እስከ ዛሬ የየራሳቸው ክርክር አላቸው። ደንበኛው ግን የኮምካስትን ወርሃዊ ክፍያ ከፍሏል፣ የኔትፍሊክስንም ከፍሏል። የከፈለበትን ነገር እንዳያይ ያደረገው እሱ የማያውቀው የሁለት ድርጅቶች ድርድር ነው።

«በነፃ» የሚባለው ነገር

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ። ከባድ ያልኩት ውስብስብ ስለሆነ አይደለም። መልካም ስለሚመስል ነው።

አንድ አቅራቢ «ይህን መተግበሪያ ስትጠቀሙ ዳታችሁ አይቆጠርም» ይላል። ማን ይጠላል? ዳታ ውድ ለሆነበት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እኔም ይህን የሚጠቀም ሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም። ግን እስቲ ከሌላኛው ጫፍ እንየው። አዲስ የመልእክት መተግበሪያ የሠራ ወጣት አለ እንበል። የሱ ከትልቁ ይሻላል፣ ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው። የሱን ሲጠቀሙ ዳታ ይቆጠራል፤ የትልቁን ሲጠቀሙ አይቆጠርም። ይህን ውድድር በችሎታ ማሸነፍ አይቻልም። ማንም አልዘጋውም፣ ማንም አልጎተተውም። ዋጋው ብቻ ነው የተለየው፣ ዋጋው ግን እንደ አጥር ሆኖ ያገለግላል።

ለኔ ግን ከውድድሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዜና ላይ የሚያመጣው ጣጣ ነው። በአንዳንድ እንዲህ ባሉ ነፃ አገልግሎቶች ላይ የሚታየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ፎቶውን ለማየት ወይም ማስፈንጠሪያውን ተጭኖ ወደ ዋናው ድረ ገጽ ለመሄድ ዳታ መሙላት ያስፈልጋል። ይህ ማለት ርዕሱ በነፃ፣ ዝርዝሩ በገንዘብ ነው። አንድ የሚያስደነግጥ ወሬ ሲመጣ ሰውየው እውነት ነው ሐሰት ብሎ ለማጣራት ከዚያ ግቢ መውጣት አለበት፣ መውጫው ደግሞ ያስከፍላል። ማጋራት ግን ነፃ ነው። ከዚያ «ሰው ለምን ሳያጣራ ያጋራል?» ብለን እንወቅሳለን። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ አጣርቶ ማንበቡ ከኪሱ ስለሚያስወጣው ነው።

ሕንድ ላይ ይህ ክርክር በሰፊው ተካሂዷል። ፌስቡክ ፍሪ ቤዚክስ የተባለ፣ የተመረጡ ጥቂት ድረ ገጾችን በነፃ የሚያስጠቅም አገልግሎት ይዞ ገባ። የተቃወሙት ሰዎች ያሉት «ድሃው የኢንተርኔትን ቁራጭ ሳይሆን ኢንተርኔትን ያግኝ» ነው። በ2015 ለቴሌኮም ተቆጣጣሪው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢሜይል ስለ ገለልተኝነት ጎረፈለት። በየካቲት 2016 ተቆጣጣሪው በይዘት እየለዩ የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን ከለከለ። ፍሪ ቤዚክስም ከሕንድ ወጣ።

በዚህ ላይ የኔን አቋም ልናገር። ሕንድ ልክ ነበረች ብዬ አምናለሁ። ግን ቀላል አልነበረም። ዊኪፔዲያም ከ2012 እስከ 2018 ዊኪፔዲያ ዜሮ በሚል ስም በብዙ አገሮች ያለ ዳታ ክፍያ ይነበብ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን እንኳ እንቃወም ወይ? ልቤ እዚህ ላይ ይከፈላል። ሳስበው ግን የሚሻለው መንገድ ሌላ ነው። ለሰው ነፃ ነገር መስጠት ከተፈለገ ለምን ዳታው ራሱ አይሰጠውም? በወር ይህን ያህል ሜጋባይት በነፃ ውሰድ፣ የፈለግከውን አንብብበት ማለት ይቻላል። ያኔ ልግስናውም አለ፣ ምርጫውም የተጠቃሚው ነው።

ነፃ መስጠትና መጎተት አንድ ላይ ሲመጡም ታይቷል። ቲ-ሞባይል አሜሪካ ውስጥ በኅዳር 2015 ቢንጅ ኦን የሚል አገልግሎት ጀመረ። አብረውት የሚሠሩ ድርጅቶች ቪዲዮ ዳታ አይቆጥርም፣ በምትኩ ጥራቱ ወደ 480ፒ ይወርዳል። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት ሲለካው፣ አብረው የማይሠሩትም ድርጅቶች ቪዲዮ ወደ 1.5 ሜጋቢት በሰከንድ እየተጎተተ አገኘው። ዳታው ይቆጠርባቸዋል፣ ፍጥነቱም ይቀንስባቸዋል። ለአንዱ እናት፣ ለሌላው የእንጀራ እናት ማለት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚምታታበት። ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ነው፣ የምንገዛው ዳታ ደግሞ በሜጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል። ወደ 1.5 ሜጋቢት ሲወርድ ያው አንድ ሰዓት 675 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጥራት መቀነስ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ በትንሽ ስልክ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። እኔ ራሴ ቪዲዮ ስከፍት ዝቅ አድርጌ ነው የማየው። ግን ዝቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሳልጠየቅ ሲደረግብኝ ሌላ ነገር ነው።

የአመላላሾቹ ክርክር

እነሱም የሚሉት አላቸው፣ ሙሉ በሙሉ ከንቱም አይደለም። መስመር መዘርጋት ውድ ነው። ቪዲዮ አብዛኛውን መስመር ይይዛል። የድምፅ ጥሪ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ንግግሩ ይበላሻል፤ ኢሜይል ግን አምስት ሰከንድ ቢዘገይ ማንም ልብ አይለውም። ስለዚህ ለጥሪው ቅድሚያ መስጠት ምን ያስነውራል? ምንም አያስነውርም። የሁሉንም ጥሪ እስካስቀደመ ድረስ። የአንዱን ኩባንያ ጥሪ አስቀድሞ የሌላውን ካስቀረ ነው ነገሩ የሚበላሸው። መጨናነቅ ሲመጣም እንደዚሁ። ብዙ የሚጠቀመውን ለጊዜው ቀነስ ማድረግ ይቻላል፣ ምን እያየ እንደሆነ ሳይጠይቁ።

በመጋቢት 2020 ወረርሽኙ ሰውን ቤቱ ሲያስቀምጥ አውሮፓ ውስጥ መስመሩ ይጨናነቃል ተብሎ ተፈራ። ያኔ የአውሮፓ ኅብረት ኔትፍሊክስንና ዩቲዩብን ጥራት እንዲቀንሱ ጠየቀ። ኔትፍሊክስ በአውሮፓ ኔትወርኮች ላይ ያለውን ጫና በ25 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተናግሮ ለ30 ቀን አደረገው። ቅነሳው የመጣው ከላኪው ነው፣ በይፋ ነው፣ ቀን የተቆረጠለት ነው። መሃል ላይ ያለ ማንም በስውር እጁን አላስገባም። ከኮምካስት ጋር አስተያዩት፤ ሁለቱም ችግሩን «መጨናነቅ» ነው ያሉት፣ አፈታታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

«ትልልቆቹ ላኪዎች ይክፈሉ» የሚለውን ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ሞክራዋለች። እዚያ አገር ኢንተርኔት አቅራቢዎች ለሚያልፈው ዳታ ክፍያ ይተሳሰባሉ፤ ወጪው ዞሮ ይዘት አቅራቢዎቹ ጋ ይደርሳል። ጨዋታ በቀጥታ የሚያስተላልፈው ትዊች በ2022 የቪዲዮ ጥራቱን እዚያ አገር ወደ 720ፒ አወረደ። አልበቃውም። የኔትወርክ ክፍያው ከአብዛኞቹ ሌሎች አገሮች አሥር እጥፍ ይሆንብኛል ብሎ በየካቲት 2024 ጠቅልሎ ወጣ። ትዊች የአማዞን ንብረት ነው። አማዞንን የሚያህል ድርጅት አቅቶት ከወጣ፣ ገና የሚጀምር አንድ ሰው በዚያ ገበያ ላይ ምን ተስፋ አለው?

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አልቆይበትም። ቺሊ በ2010 ገለልተኝነትን በሕግ በመደንገግ ቀዳሚ ሆነች። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ደንብ አወጣ። አሜሪካ ግን እንደ ዥዋዥዌ ናት። ኮሚሽኑ በ2015 ጠንካራ ደንብ አወጣ፣ በታኅሣሥ 2017 ሌላ አመራር ሲመጣ ሻረው፣ በሚያዝያ 2024 መለሰው፣ በጥር 2025 ደግሞ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጣለው። መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ደንቡም ይቀየራል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል።

ሕግ የማይደርስበት ርቀት

ሕጉ ሁሉ ቢከበርም የሚቀር አንድ ልዩነት አለ። ርቀት ነው። በኦፕቲክ ፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሰርቨሩ 10,000 ኪሎ ሜትር ከራቀ፣ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ቢያንስ 100 ሚሊሰከንድ ያልፋል። ትንሽ ይመስላል። አንድ ገጽ እስኪከፈት ግን ጥያቄና መልሱ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፣ ስለዚህ ይጠራቀማል። ኔትፍሊክስና ጉግል የፊልሞቻቸውን ቅጂ የያዙ ሰርቨሮችን አቅራቢዎቹ ሕንፃ ውስጥ ድረስ አስገብተው ያስቀምጣሉ። ይህ ለሁሉም ይጠቅማል፣ መስመርም ይቆጥባል። ጥቂት አንባቢ ያለው ጋዜጣ ግን ይህን በራሱ አቅም አያደርገውም። ቅጂ የሚያቀርቡለት ድርጅቶችን መከራየት ይችላል፣ ለዚህም ያለ ክፍያ የሚሰጡ አሉ፤ ብዙ ሰው ይህን አለማወቁ ይቆጨኛል።

ስለ ፍትሕ የሚጽፉት መገናኛ ብዙኃንም ቢሆኑ የራሳቸው ድርሻ አለባቸው። የአንድ ዜና ጽሑፉ ብቻ ቢላክ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ከሱ ጋር ግን ማስታወቂያ፣ አንባቢውን የሚከታተሉ ኮዶችና ሳይነኩት የሚጀምር ቪዲዮ ታጭቀው ይመጣሉ። በዳታ የሚያነብ ሰው ለዜናው ሳይሆን ለጭነቱ ነው የሚከፍለው። ጉግል ይህን ለማቃለል በ2015 ኤኤምፒ የሚባል ቀለል ያለ የገጽ አሠራር አመጣ። ገጾቹ በእርግጥ ይፈጥኑ ነበር። ነገር ግን በሞባይል ፍለጋ ላይ ከሁሉ በላይ በሚታየው የዜና ረድፍ ውስጥ ለመግባት ያንን አሠራር መጠቀም ግድ ሆነ፣ እስከ 2021 ድረስ። ገጽህ በሌላ መንገድ የቱንም ያህል ቢፈጥን አይቆጠርልህም። መስመሩን ያልያዘ ድርጅትም በር ጠባቂ መሆን እንደሚችል ያየሁት በዚህ ነው።

እንዴት እንለካው?

ወደዚያች ወደምትሽከረከር ምልክት ልመለስ። ብዙ ሰው ሲጠራጠር የፍጥነት መለኪያ ይከፍታል። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ያገኘዋል። ግራ ይጋባል። የተለመደው መለኪያ የሚለካው በናንተና በመለኪያው ሰርቨር መካከል ያለውን ብቻ ነው፤ ቪዲዮው የሚመጣበትን መንገድ አይነግራችሁም። አመላላሹ መለኪያውን ለይቶ ሊያውቀውና ሊያሳልፈውም ይችላል።

ለዚህ ሲባል በአሜሪካ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዌሄ የሚባል የስልክ መተግበሪያ ሠርተዋል። የፈረንሳይ ቴሌኮም ተቆጣጣሪም ከነሱ ጋር ይሠራበታል። አሠራሩ ደስ ይላል። አስቀድሞ የተቀዳ የአንድ ታዋቂ ቪዲዮ መተግበሪያ ፍሰት አለ። እሱን ከራሱ ሰርቨር ወደ ስልካችሁ ይልከዋል፤ ለአመላላሹ ልክ የዚያ ኩባንያ ቪዲዮ ነው የሚመስለው። ከዚያ ያንኑ መጠን፣ በዚያው አኳኋን፣ ውስጡ ተቀያይሮ ምንነቱ እንዳይለይ ተደርጎ ይልካል። መንገዱ አንድ ነው፣ መጠኑ አንድ ነው፣ የተለየው ማንነቱ ብቻ ነው።

አንዴ ብቻ ለክታችሁ አትፍረዱ። ማታ ሰው ሁሉ መስመር ላይ ሲሆንም፣ ንጋት ላይም ሞክሩት፤ በዋይፋይም በሞባይል ዳታም። ሁለቱ ፍጥነቶች በየጊዜው ተቀራራቢ ከሆኑ፣ ምልክቷን የሚያሽከረክራት ሌላ ነገር ነው፤ መጨናነቅ፣ ርቀት፣ ወይም በእውነት የማይረባ አፕ። ማንነቱ የታወቀው በየጊዜው እየዘገየ፣ ማንነቱ የተደበቀው እየፈጠነ ከመጣ ግን፣ አፑን ከማጥፋታችሁ በፊት ውጤቱን ፎቶ አንስታችሁ ለአቅራቢያችሁ ላኩትና ምክንያቱን ጠይቁት።